ሰላም ስዩም ወልደማርያም

ሰላም ስዩም ወልደማርያም («ሰላሚኖ») የኤሌክትሪክ ጊታር ተጫዋች፣ አቀናባሪና የሙዚቃ ታሪክ አጥኚ ነው። ይበልጥ የሚታወቀው በአይቤክስና በሮሃ ባንዶች ሥራው ነው።

አይቤክስና ሮሃ

አይቤክስ ባንድ ከሶል ኤኮስ ባንድ ውስጥ የወጣ ሲሆን፣ ሰላም ከባስ ጊታር ተጫዋቹ ጆቫኒ ሪኮ ጋር የባንዱ ምሰሶ ሆኖ ቆይቷል። የድምፃዊ ማሕሙድ አሕመድን «ኤረ መላ መላ» (1975 እ.ኤ.አ.) ያጀበው ይኸው ባንድ ነው። አይቤክስ በ1976 እ.ኤ.አ. በራስ ሆቴል ያለ ድምፃዊ የተቀረጸ ሥራ አለው። በኋላ ስሙን ወደ ሮሃ የለወጠው ባንድ በካሴት ዘመን ኤፍሬም ታምሩንና ንዋይ ደበበን ጨምሮ በርካታ ድምፃውያንን አጅቧል፤ የአልበሞቹ ብዛት ከ250 እንደሚበልጥ ይነገራል።

ቅኝትና ብሉዝ

የሰላም መሣሪያ ጊታር የብሉዝም መሣሪያ ነው፤ ከኢትዮጵያ ቅኝቶች መካከል ትዝታ «የኢትዮጵያ ብሉዝ» ነው መባሉም የተለመደ ነው። በስሜት ረገድ አባባሉ ያስኬዳል፤ ሁለቱም ናፍቆትንና መከፋትን ያዜማሉ። በድምፅ አደራደር ግን ለብሉዝ የሚቀርበው ባቲ የተባለው ቅኝት ይመስላል። ከዶ ቢነሳ፣ ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ማይነሩ ሚንና ላን ፍላት ያደርጋል። ባቲ ማይነር ደግሞ ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት ይሆናል፤ የብሉዝ ጊታር ተጫዋቾች መሠረታቸው ያደረጉት ባለ አምስት ድምፅ ስኬልም ይኸው ነው። ስለዚህ ባቲን በጆሮው ይዞ ያደገ ጊታር ተጫዋች ብሉዝ ሲሰማ ባዳ አይሆንበትም። መመሳሰሉ ግን የዝምድና ማስረጃ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም፤ ባለ አምስት ድምፅ ስኬል በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ይገኛል።

ሌላው የኢትዮጵያ ሙዚቃና ብሉዝ የሚገናኙበት ነጥብ የድምፅ አወጣጥ ነው። የጎንደር አዝማሪ በማሲንቆው ብቸኛ ክር ላይ ጣቱን እያንሸራተተ በድምፆች መካከል ያለውን ያወጣል። ጊታር ፍሬት ስላለው ተጫዋቹ ይህን የሚያገኘው ክሩን በመሳብ ነው፤ የብሉዝ ጊታር መለያም ይኸው ነው።

የታሪክ ጥናት

ሰላም በ1988 እ.ኤ.አ. ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው ጥናት የኢትዮጵያን ዘመናዊ ሙዚቃ ከ1896 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ይቃኛል። የዘመናዊው ሙዚቃ መነሻ አከራካሪ ነው፦ አንዳንዶች ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ በስጦታ ከመጡት የነፋስ መሣሪያዎች፣ ሌሎች በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም ከመጡት አርመናውያን ሙዚቀኞች «አርባ ልጆች» ይጀምራሉ። ጥናቱ ከመድረክ ሥራው ያነሰ አይደለም፤ ሙዚቃውን ከሠሩት መካከል ታሪኩንም የጻፉት ጥቂቶች ናቸውና።

በውጭ አገር

ኑሮውን በአሜሪካ አድርጓል።