ጥብቅና ለማን?

«ፕሌዱዋዬ» የሚለውን የፈረንሳይኛ ቃል ወደ አማርኛ ለመመለስ የተቀመጠ ሰው ሥራው ቶሎ አይሳካለትም። የመሥሪያ ቤት ሰነዶች «አድቮኬሲ» ብለው እንዳለ ያልፉታል። «ቅስቀሳ» የሚሉትም አሉ፤ ቅስቀሳ ግን ሌላ ነገር ነው። ለዚህ ጸሐፊ ከሁሉ የሚቀርበው «ጥብቅና» ነው፤ በዳኛ ፊት የሌላውን ሰው ጉዳይ እንደ ራስ ጉዳይ ይዞ መናገር ማለት ነውና። ቃሉ ለክርስቲያን ጆሮ እንግዳ አይደለም። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በመጀመሪያው የዮሐንስ መልእክት ክርስቶስን ራሱን «ጠበቃ» ብሎ ይጠራዋል።

ይህም ሆኖ በጅቡቲ ከተማ በምንኖር ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ዘንድ «ጸሎተኛ ሰው ፖለቲካ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው?» የሚለው አነጋገር ያለ ክርክር ይታለፋል። አነጋገሩ የጥንት ይምሰል እንጂ የጥንት አይደለም። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የደብረ አስቦ (የኋላው ደብረ ሊባኖስ) አበምኔት አቡነ ፊልጶስ፣ ነገሥታቱ ከአንድ ሚስት በላይ በማግባታቸው ፊት ለፊት ገሥጸው ለግርፋትና ለስደት ተዳርገዋል። ገዳማትም ንጉሥ የተቆጣው ሰው የሚሸሸግባቸው መማጸኛ ነበሩ። አባቶቻችን መንግሥትን ተናግረው ያውቃሉ ወይ ብሎ መጠየቅ እንግዲህ አያስፈልግም። ይልቅስ መጠየቅ ያለበት ስለ ማን ተናገሩ የሚለው ነው።

በ1928 ዓ.ም. የሆነውን እንመልከት። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው ወደዚህች ከተማ መጡ፤ ሚያዝያ 26 ቀን «ኢንተርፕራይዝ» በተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከጅቡቲ ወደብ ወጡ። (ባቡሩ ዛሬ ከናጋድ የሚነሣ ሌላ ባቡር ቢሆንም፣ የድሮው ሐዲድ ትዝታ ገና ከከተማዋ አልወጣም።) ሰኔ 23 ቀን ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ሕዝባቸው ተናገሩ። በውጭ የተደረገው ጥብቅና ይህ ነበር። በአገር ውስጥ የቀረው ጥብቅና ለአቡነ ጴጥሮስ ደረሰ። ግብጻውያን ብቻ ይሾሙበት በነበረው መንበር ላይ በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ የነበሩት እኒህ አባት ለጣሊያን አልገዛም በማለታቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በአደባባይ በጥይት ተገደሉ። የጎሬው አቡነ ሚካኤልም በዚያው ዘመን በተመሳሳይ ሁኔታ ተገድለዋል። አብረዋቸው ከተሾሙት አንዱ አቡነ አብርሃም ግን ለወራሪው አደሩ፤ ጣሊያንም የቤተ ክርስቲያኒቱ አለቃ አደረጋቸው። በሐውልቱ አጠገብ ስናልፍ ይህንን ሁለተኛውን ታሪክ ብዙ ጊዜ አናነሣውም። ብናነሣው ግን ሁለቱም ጳጳሳት «ፖለቲካ ውስጥ» እንደ ነበሩ እናያለን። ዝም ብሎ ማደርም ለአንድ ወገን ማደር ነበረና።

ለእኛ ለጅቡቲ ነዋሪዎች ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ታሪክ ነው። በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን በመንግሥት የምትደገፍ የአገሪቱ ቤተ ክርስቲያን ሲያደርግ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ምንጊዜም የዚሁ ሃይማኖት ተከታይ እንዲሆን ይደነግግ ነበር። ለሌሎች የተተወው የአንቀጽ 40 ጥበቃ ነበር። ይኸውም የግዛቱ ነዋሪዎች የአምልኮ ሥርዓታቸውን መፈጸም ይችላሉ፤ ሥርዓቱ ለፖለቲካ ጉዳይ እስካልዋለና ጸጥታንና መልካም ጠባይን እስካልነካ ድረስ የሚል ነው። በመንግሥት ቋንቋ የአገሩ ተወላጅ ሙስሊም «በኢትዮጵያ የሚኖር ሙስሊም» ይባል ነበር። ተርጓሚ በእንዲህ ያለ ቃል ላይ ቆም ይላል። «የሚኖር» ማለት የመጣ፣ የተጠጋ፣ ነገ ሊሄድ የሚችል ማለት ነው። አንድ ሰው አያት ቅድመ አያቱ በተቀበሩበት አፈር ላይ «ነዋሪ» ሲባል ምን እንደሚሰማው፣ በዓመት በዓመት የመኖሪያ ወረቀት የሚያሳድስ ሰው ሳይነገረው ይገባዋል። ልዩነቱ እኛ በሰው አገር መሆናችን ነው፤ እነርሱ ግን በገዛ አገራቸው ነበሩ።

የ1966 ዓ.ም. ጸደይ ሁሉም ያለውን ጥያቄ ይዞ አደባባይ የወጣበት ነበር። አስተማሪው፣ የታክሲ ነጂው፣ ወታደሩ፣ የደብር ካህናት ሳይቀሩ ስለ ደመወዛቸው አቤት ይሉ ነበር። የካህናቱ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ስለ ራስ የቀረበ ጥያቄ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን የአዲስ አበባ ሙስሊሞች 13 ጥያቄዎች ይዘው ሰልፍ ወጡ። የሰልፈኛው ቁጥር እስከ 100,000 ይገመታል። ሃይማኖትና መንግሥት እንዲለያዩ፣ የእስልምና በዓላት ብሔራዊ በዓል ሆነው እንዲከበሩ፣ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ» መባሉ ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንዲባሉ፣ በመንግሥት ሥራና በሠራዊቱ የድርሻቸው እንዲሰጣቸው ለጠቅላይ ሚኒስትር እንዳልካቸው መኰንን አመለከቱ። በዚያ ሰልፍ ውስጥ ክርስቲያኖችም ነበሩ፤ ብዙዎቹ ተማሪዎች ናቸው። ሰልፉን በሥጋት የተመለከቱ ክርስቲያኖች መኖራቸው አይካድም። የተሰለፉት ግን የሚጎድልባቸው እንጂ የሚጨመርላቸው ነገር በሌለበት ጥያቄ ላይ ነው የተሰለፉት። የመንግሥት ሃይማኖት የሚባለው የእነርሱው ነበር፤ በዓላቱም የእነርሱው ነበሩ። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት በዘመናዊቱ ኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ከፈጸሙት ጥብቅና ሁሉ ከዚህ የጠራ ማግኘት ያስቸግራል። ሆኖም የእነዚያን ሰልፈኞች ስም አናውቅም፤ ሐውልትም አልቆመላቸውም።

ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ሦስት የእስልምና በዓላት ብሔራዊ በዓላት ሆኑ፤ ሃይማኖትና መንግሥትም ተለያዩ። ይሁንና ልዩነቱ ብዙ ሳይቆይ ሌላ መልክ ያዘ፤ መንግሥት ከቤተ ክርስቲያን ወጣ እንጂ ቤተ ክርስቲያንን አልለቀቀም። ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ደርግን ሳያስፈቅዱ ጳጳሳት ሾሙ፤ በየካቲት 1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ደግሞ የነፍስና የሥጋ ነገር አይነጣጠልም የሚል ትምህርት የነበራቸው ሰው ናቸው። ቤተ ክርስቲያናቸው በ1964 ዓ.ም. ለውጭ ረዳቶቿ በላከችው ደብዳቤ፣ ለልማት የሚሰጥ እጅ ለወንጌል ሥራ ለምን ይታጠፋል፤ ሰው አንድ ሙሉ ሰው ነው ስትል የተከራከረችው በእርሳቸው መሪነት ነው። ደርግ የቤተ ክርስቲያን መሪዎች ስለ እርሱ በውጭ አገር መልካም እንዲመሰክሩለት ሲፈልግ እርሳቸው አልተባበሩም። ሁለት ጊዜ ታስረው ተፈቱ። ከአገር የሚወጡበት መንገድ ቢመቻችላቸውም መንጋዬን ጥዬ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በዑራኤል ከነበረው የምእመናን ጉባኤ ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ፤ አቡነ ጴጥሮስ ከተገደሉ 43 ዓመት ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው ማለት ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ያህል ታሰሩ። አቡነ ቴዎፍሎስም በዚያው ክረምት ተገደሉ። የሁለቱም አስከሬን የተገኘው በ1984 ዓ.ም. የራስ አሥራተ ካሣ መኖሪያ በነበረው ግቢ ነው። በሕይወት ሳሉ በአንድ ቅዳሴ ያልቆሙ አንድ ፓትርያርክና አንድ የወንጌላውያን ቄስ በአንድ ግቢ አፈር ውስጥ 13 ዓመት ከረሙ።

በእነዚያው ዓመታት ከኢትዮጵያ የሸሹ ብዙዎች በእግር ወደ ጅቡቲ መጡ። በ1969 ዓ.ም. ነፃነቷን ያወጀችው ትንሽ አገር ገና ከመቋቋሟ በዲክሂልና በአሊሳቢ ስደተኞችን ተቀበለች። ከአንባቢዎቻችን አንዳንዶቹ የእነዚያ ስደተኞች ልጆች ናቸው። የተቀበላቸው ሙስሊም አገር መሆኑንም ከእኔ ይልቅ እነርሱ ያውቁታል።

እንግዲህ በዚህች ከተማ የሚኖር ክርስቲያን ምን ማድረግ ይችላል? የውጭ አገር ዜጋ እንደ መሆናችን በዚህ አገር አንመርጥም፣ አንመረጥም፤ የባለቤቱን ፖለቲካ ለባለቤቱ መተው የእንግዳ ወግ ነው። የጅቡቲ ሕገ መንግሥት እስልምናን የመንግሥት ሃይማኖት ቢያደርግም፣ በዚያው በመጀመሪያው አንቀጽ ሁሉም ሰው ያለ ሃይማኖት ልዩነት በሕግ ፊት እኩል መሆኑን ይናገራል። ኢትዮጵያዊ ዜግነት ያለን ደግሞ የራሳችን መንግሥት ኤምባሲ እዚሁ አለን። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት እንዲለያዩ ሲያዝ፣ አንቀጽ 30 ደግሞ አቤቱታ የማቅረብን መብት ለማንኛውም ሰው ይሰጣል። የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያንን ከመንግሥትነት ይከለክላታል እንጂ ክርስቲያኑን ከዜግነቱ አያወጣውም። ሁለቱን አንቀጾች አደባልቆ ማንበብ በመካከላችን የተለመደ ስሕተት ነው።

አቤቱታው ስለ ማን ይሁን ለሚል ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ፣ ከትግራይ የተነሡ ወጣቶች በአሳል ሐይቅ ዳርቻ በዚያ ሐሩር እየተጓዙ በታጁራ በኩል ወደ ኦቦክ ያልፋሉ፤ ከዚያም ወደ የመን በጀልባ ይሻገራሉ። በጥር 2011 ዓ.ም. ጎዶሪያ አጠገብ ሁለት ጀልባዎች ሰጥመው ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። በ2016 ዓ.ም. የፀደይ ወራት ደግሞ ከየመን የሚመለሱ ሁለት ጀልባዎች በግማሽ ወር ልዩነት እዚያው ባሕር ላይ ተገለበጡ። ከእነዚህ ሟቾች ስማቸው ሳይታወቅ በባሕሩ ዳር የተቀበሩ አሉ። የእናታቸው ቤት ለቅሶ አልተቀመጠም፤ መሞታቸውን የነገረ የለምና።

ሰንበቴና ማኅበር ያለን፣ የመዘምራን ጓድ ያለን፣ ጽሕፈት የሚችሉ ሽማግሌዎች ያሉን ሰዎች ነን። የሟቾች ስም እንዲመዘገብ፣ ለቤተ ሰብ መርዶ እንዲነገር፣ በሆስፒታልና በፖሊስ ጣቢያ ቋንቋ የሚያቀና ሰው እንዲቆምላቸው የሚጠይቅ አንድ ደብዳቤ ለኤምባሲው መጻፍ እንችላለን። በማኅበረሰባችን ውስጥ ያሉ ሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ቢፈርሙበት ደግሞ ደብዳቤው ይበልጥ ይከብዳል። መተርጎም ካስፈለገ ይህ ጸሐፊ ወደ ፈረንሳይኛ ይመልሰዋል፤ ዋጋም አይጠይቅበትም።