ጄት ከሚሳኤል የሚያመልጠው እንዴት ነው?

ፊልም ላይ አብራሪው በመጨረሻዋ ሰከንድ ጄቱን ገልበጥ ያደርግና ሚሳኤሉን ያመልጣል። እውነታው ግን ለየት ይላል። ከምድር ወደ አየር የሚተኮሱ አብዛኞቹ ሚሳኤሎች ከጄት በላይ ስለሚፈጥኑ በሩጫ ብቻ አይመለጡም። ዋናው ትግል ያለው ራዳሩ ላይ ነው።

ራዳርን ጨለማ ውስጥ እንደበራ ባትሪ አስቡት። ባትሪ የያዘው ሰው ከፊቱ ያለውን ያያል። ግን ባበራ ቁጥር የት እንደቆመም ያሳብቃል። ጨዋታው በሙሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

👉 ማምለጥ

የራዳር ሞገድ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ተራራ ይጋርደዋል። ስለዚህ ጄቶች ዝቅ ብለው፣ ሸለቆ ለሸለቆ ይበራሉ። ችግሩ፣ ዝቅ ሲሉ ለመትረየስና በትከሻ ለሚተኮሱ ሚሳኤሎች ይጋለጣሉ።

ራዳሩ ካገኛቸው ደግሞ በሬዲዮ ሞገድ ያውኩታል፤ ይህ ጃሚንግ ይባላል። ሌላው ዘዴ ብረት የተቀቡ ቀጫጭን ክሮችን አየር ላይ በትኖ ራዳሩን ማደናገር ነው። ሙቀት ለሚከተል ሚሳኤል የሚነድ ማታለያ ይለቀቅለታል።

ሹል መታጠፍም ይጠቅማል። የብዙ ሚሳኤሎች ሞተር የሚነደው ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ጄቱን ተከትሎ በታጠፈ ቁጥር ጉልበቱን ይጨርሳል።

👉 ማጥቃት

እ.ኤ.አ በ1965 ሶቪየት ሠራሹ ኤስ-75 ሚሳኤል ቬትናም ላይ የአሜሪካን ኤፍ-4 ጄት ጣለ። አሜሪካኖቹም "ዋይልድ ዊዝል" የተባለ ቡድን አቋቋሙ። ሥራው አስፈሪ ነበር፦ ሆን ብሎ ሚሳኤሉ ወዳለበት መብረር፣ ራዳሩ እንዲበራ ማድረግ፣ ከዚያ መምታት። የራዳሩን ሞገድ ተከትሎ ምንጩን የሚመታ ሚሳኤልም መጣ።

እስራኤል በ1973ቱ ጦርነት 100 ገደማ አውሮፕላኖች አጥታለች፤ ብዙዎቹን የጣለው የግብፅና የሶሪያ አየር መከላከያ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ጁን 9 ቀን 1982፣ ሊባኖስ ውስጥ ቤቃ ሸለቆ ላይ ሌላ ዘዴ ይዛ መጣች። መጀመሪያ ሰው አልባ አውሮፕላኖችን ላከች። ሶሪያውያን ጄት የመጣ መስሏቸው ራዳራቸውን አበሩ። ያኔ ቦታቸው ታወቀ። እዚያ ከነበሩት 19 የሚሳኤል ባትሪዎች አብዛኞቹ በዚያው ቀን ወደሙ።

👉 ባትሪውን ማጥፋት የሚያውቅስ?

ማርች 27 ቀን 1999 ሰርቢያ ውስጥ ነገሩ ተገለበጠ። በዞልታን ዳኒ የሚመራ ክፍል በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ላይ በዋለው ኤስ-125፣ ራዳር በቀላሉ አያየውም የተባለለትን ኤፍ-117 ጣለ። አብራሪው በፓራሹት ወርዶ በአሜሪካ ሄሊኮፕተር ተረፈ።

ምስጢሩ ምን ነበር? ዳኒ ራዳሩን ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነበር የሚያስበራው። ከዚያ አጥፍቶ ቦታ መቀየር ነው። በወቅቱ ኔቶ በመቶዎች የሚቆጠሩ ራዳር አዳኝ ሚሳኤሎችን ቢተኩስም የእሱ ክፍል ጦርነቱን ተርፎ ወጥቷል።

ቤቃ ላይ ራዳራቸውን አብርተው የቆዩት ተመቱ። ሰርቢያ ላይ በአሮጌ መሣሪያ ቶሎ ያጠፋው ተረፈ። አብራሪውም ሆነ ራዳር ስር የተቀመጠው ወታደር ዛሬም ሕይወታቸው የተንጠለጠለው በነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ላይ ነው።