የወፍ ጆሮና የቤተ ልሔም ድጓ

የቅዱስ ያሬድ ታሪክ ሲነሣ ልባችን ወደ ዜማው ይሮጣል። ከኤዶም ገነት የተላኩ ሦስት አዕዋፍ በሰው አንደበት እንዳነጋገሩት ገድሉ ይተርካል። አዕዋፍን በድምፃቸው እናደንቃለን፤ ጆሯቸውን የሚያነሣ ግን የለም። እኔ የዜማ ታሪክ አስቀድሞ የጆሮ ታሪክ ነው እላለሁ።

በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። ድጓን በየአጥቢያው የተማረ ሁሉ መምህር ለመባል ከዚያ ወርዶ ያስመሰክራል። ቤተ ክርስቲያኗም የራሷ ምሥጢር ነበራት። ቶማስ ፓኬንሃም የተባለ ወጣት ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1955 ሲደርስባት ከውጭ ያየው ክብ የሣር ክዳን ቤት ነው፤ ከውስጡ ግን በጥርብ ድንጋይ የታነጸ ጥንታዊ ሕንፃ አገኘ።

ጆሮም እንዲሁ ውስጠኛ ቤት አለው። ጫጩት በእንቁላል ውስጥ በምትቆይባቸው 21 ቀናት፣ ድምፅ ተቀባይ የሆኑ ጸጉራም ሕዋሳት በውስጠኛው ጆሮዋ ይሰለፋሉ፤ ቀጭኑ ድምፅ በአንደኛው ጫፍ፣ ወፍራሙ በሌላኛው ይሰማል። ድምፅ ሲነካቸው ካልሲየም ወደ ሕዋሱ ይገባል፤ መልእክቱም ወደ ነርቭ ይተላለፋል። ካልሲየም ሲበዛ ግን ሕዋሱን ይጎዳል። ስለዚህ ካልቢንዲንና ካልሬቲኒን የተባሉ ፕሮቲኖች ይዘው ልክ ያበጁለታል፤ እነዚህም ጫጩቷ ገና ሳትፈለፈል በሕዋሳቱ ውስጥ ይታያሉ። ካልቢንዲንን ዋሰርማንና ቴይለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1966 አስቀድመው ያገኙት በጫጩት አንጀት ውስጥ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ የበለጠ የሚያስደንቅ ነገር ተሰማ። በኃይለኛ ድምፅ የተጎዳ የጫጩትና የድርጭት ጆሮ አዲስ ጸጉራም ሕዋሳት እንደሚያበቅል ተመራማሪዎች አስታወቁ። የሰው ጆሮ ይህ ጸጋ የለውም፤ በውስጡ የሞቱት የመስሚያ ሕዋሳት ተመልሰው አይበቅሉም።

ወደ ድጓው ልመለስ። አገሪቱ ከከባድ ጦርነት በወጣችበት በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1540–1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማ ምልክቶችን እንዳዘጋጁ ሊቃውንት ይናገራሉ። ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት እያሉ ዜማውን በብራና ላይ አሰፈሩት። ሆኖም ምልክቱ ለሰማ ሰው ማስታወሻ ነው፤ ላልሰማ ግን ዝም ያለ ብራና ነው። ተማሪው ከመምህሩ አፍ ይሰማል፣ መልሶ ያሰማል፣ ይታረማል፤ ዓመታት የሚፈጅበትም ለዚህ ነው።

እንግዲህ የአንድ የድጓ መምህር ጆሮ ሲዘጋ የሚተካው ሕዋስ ሳይሆን ተማሪ ነው። ቅርስ ይጠበቅ ስንል ብዙ ጊዜ የምናስበው ሕንፃውንና ብራናውን ነው። በደጃችን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለሚቆመው ተማሪ የምንሰጠው ቁራሽ እንጀራም ከዚያ ጥበቃ ውስጥ መቆጠር ያለበት ይመስለኛል።