የጁባ ሴቶች ሚላያ

ስለ ጁባ ከተማ አመሠራረት የጻፉ ሊቃውንት ትረካቸውን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከወንዙ ነው። በነጭ ዓባይ ሽቅብ ተጉዘው ጎንዶኮሮ ስለ ደረሱት የዝሆን ጥርስ ነጋዴዎች፣ በባሪ ሕዝብ መካከል ሲሰብክ ቆይቶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1853 በዚያው ስላረፈው ካህን ስለ አንጀሎ ቪንኮ፣ በ1920ዎቹ መጨረሻ ገደማ ከሞንጋላ ወደ ጁባ ስለ ተዛወረው የእንግሊዞች አገረ ገዥ መንበር፣ የደቡብ ሱዳን ዕድል ስለ ተመከረበት የ1947 ጉባኤ በሰፊው ያትታሉ (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የዚያችው ከተማ ሴቶች በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው በመርፌና በክር ስላቆሙት ጥበብ ግን ከእነዚህ መጻሕፍት የምናገኘው እጅግ ጥቂት ነው። ይህን ጉድለት ቀላል አድርጌ ላየው አልቻልሁም፤ ምክንያቱም መንግሥታት በተፈራረቁባት፣ ሕዝቧም ደጋግሞ በተሰደደባት በዚህች ከተማ ከእናት ወደ ልጅ ሳይቋረጥ ከተላለፉት ነገሮች አንዱ ሚላያ የሚባለው ባለ ጥልፍ አንሶላ ነው።

ሚላያ ነጭ ወይም አንድ ወጥ ቀለም ያለው የአልጋ አንሶላ ሆኖ፣ በላዩ አበባ፣ ወፍ፣ ሐረግ፣ አንዳንድ ጊዜም የሰላምታ ወይም የጸሎት ቃል በደማቅ ክር የተጠለፈበት፣ ዙሪያውም ብዙ ጊዜ በኪሮሽ በተሠራ ዳንቴል የተከፈፈ ነው። ሴቲቱ አስቀድማ ሥዕሉን በእስክሪብቶ ወይም በእርሳስ በጨርቁ ላይ ትነድፋለች፤ ከዚያም ጨርቁን ወጥራ ቀለም ከቀለም እያስማማች ትጠልፈዋለች፤ ሥራውም ሳምንታት፣ ሲረዝምም ወራት ይፈጃል። የሶፋውን መደገፊያና የጠረጴዛውን ገጽ እናቱ በሠራችው ዳንቴል ተሸፍኖ እያየ ያደገ የአዲስ አበባ ልጅ ጁባ ላይ ወደ አንድ ቤት ቢገባ ይህን ጥበብ ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። በእኛ ቤት ዳንቴሉ የቤት ዕቃውን ሲያስጌጥ፣ በእነርሱ ዘንድ ግን ሚላያው የሚያከብረው ሰውን ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ይነጠፍለታል፣ ሙሽራዪቱ ወደ አዲሱ ቤቷ ስትገባ ይሰጣታል፣ ሰውም ሲሞት አስከሬኑ ይሸፈንበታል።

የዚህ ልማድ ጥንተ ታሪክ አንድ ምንጭ ብቻ ያለው አይመስለኝም። የጥጥ ልብስ በሰፊው ሳይሰራጭ የዚያ አገር ሕዝቦች ጌጥ ቆዳና ዶቃ ነበር፤ ዲንካዎች በሰውነት ላይ ልክ አድርገው ይሠሩት የነበረው የዶቃ ጥብቆ የባለቤቱን ዕድሜና የቤተሰቡን ሀብት በቀለሙ ይናገር ስለ ነበር፣ ቀለምን በሥርዓት አሰካክቶ ነገር መግለጽ ለእነዚህ ሰዎች ከባሕር ማዶ የመጣ ትምህርት አልነበረም። የጥልፉ መርፌ ግን ከውጭ ገብቷል። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ልኡካን በ1906 በቦር አጠገብ ማሌክ ላይ ሰፈሩ፤ ዳንኤል ኮምቦኒ በ1872 በቬሮና የመሠረተው የደናግል ማኅበር እኅቶችም ከጊዜ በኋላ ወደ ደቡብ ሱዳን መጥተው የልጃገረዶች ትምህርት ቤቶችን አቋቋሙ። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ከንባብና ከትምህርተ ሃይማኖት ጎን ልብስ ስፌትና ጥልፍ ይሰጥ ነበር። ዓላማው ልጃገረዶቹ የአውሮፓን ሥርዓት የተከተሉ የቤት እመቤቶች እንዲሆኑ ነበረ፤ ተማሪዎቹ ግን ከተሰመረላቸው ወሰን አልፈው ሄዱ፤ በመሐረብ ጥግ የተማሩትን ትንሽ አበባ ወስደው መላውን አንሶላ የሚሞላ የአትክልት ስፍራ አደረጉት። በሰሜን ሱዳን ከተሞችም አንሶላ የመጥለፍ ልማድ ስለ ነበረ፣ በወንዙ የሚመላለሱት መርከቦች ጨርቅና ክር ብቻ ሳይሆን የጥልፍ ናሙናም ሳያመጡ አልቀሩም ብዬ እገምታለሁ።

በዚያው ዘመን መንግሥትም በበኩሉ ጥጥን በሌላ መንገድ ይዞት ተነሣ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በዛንዴ አገር በንዛራ ላይ ፈትልና ሽመና ቤት ተተከለ፤ ገበሬው ጥጥ እንዲያመርት ታዘዘ፤ ከዚያም ዳሙሪያ የሚባለው ሻካራ አቡጀዲ ወጣ። ሐሳቡ ሩቁ አገር ራሱን በራሱ እንዲያለብስ የታለመ ሆኖ ሳለ፣ ገበሬው ለጥጡ የሚያገኘው ዋጋ ዝቅተኛ ሆነ፤ በሐምሌ 1955 ሠራተኞች ከሥራ በመባረራቸው ሁከት ተነሥቶ ሰዎች በጥይት ተገደሉ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም በቶሪት የወታደሮች ዐመፅ ፈነዳ። ከበላይ ታዝዞ በወጪ የተቋቋመው ያ የጨርቅ ሥራ ከዚያ በተከተሉት የሰሜንና የደቡብ ጦርነቶች ዘመናት ሲፈራርስ፣ ማንም ያላዘዘው የሴቶቹ ጥልፍ ግን ጸንቶ ኖረ። እንዲህ ያለው ሥራ ከአንድ ከረጢት በላይ ዕቃ አይጠይቅምና ባለቤቱ በተሰደደ ቁጥር አብሮት ይሰደዳል።

በ1964 የካርቱም መንግሥት የውጭ አገር ልኡካንን ከደቡብ ሲያስወጣ ጥልፍ ያስተምሩ የነበሩት ደናግልም ሄዱ። መርፌው ግን በዚያን ጊዜ በእናቶች እጅ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ሰላም ከእኛው አገር ጋር የተያያዘ ነው፤ የካቲት 27 ቀን 1972 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሸምጋይነትና በአብያተ ክርስቲያናት አስታራቂነት አዲስ አበባ ላይ ውሉ ሲፈረም፣ ጁባ የራሱን ጉዳይ የሚያስተዳድረው የደቡብ ክልል መዲና ሆነች፤ በዩጋንዳና በኮንጎ፣ በኢትዮጵያም ተሰደው የነበሩት ወደ ቀያቸው ተመለሱ። የኛኩሮን የባህል ማእከልም የተሠራው በዚያ ዐሥር ዓመት ውስጥ ነው። ሰላሙ ዕድሜ ያገኘው እስከ 1983 ነበር። በሁለተኛው ጦርነት ጁባ የመንግሥት ጦር የያዛት፣ በተቃዋሚዎች የተከበበች ከተማ ሆነች፤ ብዙ ቤተሰቦችም ወደ ካርቱም ዳርቻ መንደሮችና ወደ ጎረቤት አገሮች ፈለሱ።

በጥር 2005 ሰላም ወርዶ፣ በሐምሌ 2011 ነጻነት ሲታወጅ ጁባ በአንድ ጊዜ በእንግዶች ተሞላች። የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሠራተኞች፣ ዲፕሎማቶች፣ ከእኛም አገር የሄዱ የሆቴልና የሱቅ ባለቤቶች ሰፈሩባት፤ ለእንግዳ መቀበያ ይሠራ የነበረው ሚላያም ለእንግዳ የሚሸጥ ሆነ። የሰብዓዊ መብት ተሟጋቿ አኝዬት ዳዎል ያቋቋመችው ሩትስ ፕሮጀክት ከብዙ ብሔረሰቦች የመጡ ሴቶችን በጁባ በአንድ ግቢ ሰብስቦ የዶቃ ጌጥ እንዲሠሩና እንዲሸጡ ያደረገውም በዚሁ ወራት ገደማ ነው። አንዳንድ ሰዎች የጁባ ሴት የራሷን ንድፍ አውጥታ ለገበያ የምታቀርብ ባለሙያ የሆነችው ያን ጊዜ፣ በባዛርና በዐውደ ርእይ ምክንያት እንደ ሆነ ይናገራሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በራሷ ገንዘብ አንሶላና ክር ገዝታ፣ ሥዕሉን ራሷ ነድፋ፣ ሸጣ የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ የከፈለች ሴት፣ የሸጠችው በኮንዮ ኮንዮ ገበያም ይሁን ለጎረቤቷ፣ ያለ ቀጣሪ የምትኖር ሙሉ የጥበብ ባለቤት ነበረች። ባዛሩ የጨመረላት የገዢውን ዓይነት ነው።

የጥልፏ ዋጋ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ይበልጥ ከብዷል። ክሩና ጨርቁ ከዩጋንዳ የሚመጣ ነው፤ ከጁባ ወደ ኒሙሌ ድንበር የሚወስደው 192 ኪሎ ሜትር መንገድ በ2012 አስፋልት ሲለብስ ዕቃው በቀላሉ ይደርስ ጀመር። በታኅሣሥ 2015 ግን መንግሥት የገንዘቡን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀው፣ በሕጋዊው ተመን ከ3 ፓውንድ በታች የነበረው አንድ ዶላር ወደ 18.5 ፓውንድ ዘለለ። አንድ ሚላያ ጀምራ ለመጨረስ ወር የሚፈጅባት ሴት የምትሸጥበትን ዋጋ የምትቆርጠው ሥራውን በጀመረችበት ቀን በገዛችው ክር ሂሳብ ነው፤ ሲያልቅ ግን የሚቀጥለውን ክር በዚያ ዋጋ አታገኘውም። ጥበቧ ሳይጎድል ገበያው ያከስራታል፤ በዐውደ ርእይ ላይ ዋጋ የሚያስቀንስ እንግዳም ይህን ቢያውቅ ባልተከራከረ ነበር።

በታኅሣሥ 2013 በጁባ የጀመረው ውጊያ በሐምሌ 2016 ዳግም ሲያገረሽ ከኢኳቶሪያ መንደሮች የሸሸው ሕዝብ ድንበሩን አልፎ ወደ ሰሜን ዩጋንዳ ጎረፈ። በነሐሴ 2016 በዩምቤ ወረዳ የተከፈተው የቢዲቢዲ ሰፈር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ270,000 በላይ ስደተኞችን ተቀበለ። ከቤታቸው ሲወጡ የያዙትን ጥቂት ዕቃ በሚላያ ጠቅልለው የመጡ ነበሩ፤ በሰፈሩም ሴቶቹ በጭቃ ቤቶቻቸው ደጃፍ ተቀምጠው እንደገና መጥለፍ ጀመሩ። ፎቶግራፍ አንሺዋ ኖራ ሎሬክ እነዚህን ቤተሰቦች የየራሳቸውን ሚላያ ከበስተኋላቸው ሰቅላ አነሣቻቸው፤ ከዚያም ሥራ የተወለደው ሚላያ ፕሮጀክት ጥልፎቹ ባሕር ተሻግረው እንዲሸጡ መንገድ ከፈተ። በእነዚህ ምስሎች የምወደው ነገር ስደተኛው በተረጂነቱ ሳይሆን የቤቱን ክብር ከጀርባው ዘርግቶ በባለቤትነቱ መታየቱ ነው።

ስለዚህ ሚላያና የእሱን መሰል ሥራ በባዛርና በዐውደ ርእይ ለሚያቀርቡ ሰዎች የማሳስበው አንድ ነገር አለኝ። በጠረጴዛው ላይ የሚቆመው ካርቶን «የደቡብ ሱዳን ባህላዊ ጥልፍ» ብሎ አገሩን ብቻ ይጠራል፤ ወፉን ከአበባው ጋር እንዴት እንዳገናኘችው ያሰበችው፣ ለጠርዙ ያን ቀይ የመረጠችው ሴት ግን ስሟ የለም። የሥዕል ጌታ በሸራው ጥግ ስሙን እንደሚያኖር፣ የጁባዋም ጠላፊ ፈቃዷ ከሆነ ስሟንና የፈጸመችበትን ዓመት በአንሶላው ጥግ በክር ታኑር፤ ሻጩም በዚያው ስም ይሽጠው፣ ገዢውም ሁለተኛ ሲያዝዝ እሷኑ በስሟ ይጥራ። ሙዚየሞችም ከእንግዲህ ሚላያ ሲገዙ ከጨርቁ ጋር ይህን መዝግበው ይያዙ፤ ስማቸው ሳይጻፍ ስላለፉት የትናንት ጠላፊዎችም አንሶላቸውን ከሣጥን አውጥተው ሊመሰክሩላቸው የሚችሉ ልጆቻቸው በጁባም በቢዲቢዲም በሕይወት አሉ።