ልብ ስለባ
በአጭር ልብ ወለድ ሒስ ውስጥ «ሥነ ልቡናዊ ማኒፑሌሽን» የሚል ግማሹ ግእዝ ግማሹ ፈረንጅ የሆነ ስም እየተለመደ ስለ ሄደ፣ ይህን እናቃና ያሉትም «የአእምሮ ማጭበርበር» ሲሉት ስለምናይ፣ ስሕተቱ ሥር ሳይሰድ ጥቂት ልንነጋገርበት ይገባል። ነገሩንስ አንባቢ አያጣውም፤ ውዳሴ ከንቱ የነገሠበት ኃይለኛ፣ ሌላውን ሳይመታና ሳያስር፣ በገዛ ማስተዋሉ ላይ እምነት አሳጥቶ የሚገዛበት ጥበብ ነው። እንግሊዛዊው ፓትሪክ ሐሚልተን እ.ኤ.አ. በ1938 ባቀረበው «ጋዝ ላይት» በተባለው ተውኔት፣ ባልዬው ዕቃ ራሱ እየሸሸገ በሚስቱ እያመካኘ አእምሮዋን እንድትጠራጠር ያደርጋታል።

ማጭበርበር የገበያ ቃል ነው፤ የተጭበረበረ ሰው ሌባውን ይረግማል እንጂ ራሱን አይጠራጠርም። «ሽንገላ» ይሻላል፤ ነገር ግን ጣፋጭ አንደበትን ብቻ ይይዛል፣ በዝምታና በኩርፊያ የሚገዛውን ይለቀዋል። የላቲኑ ሥር እጅ ስለሆነ «እጅ አዙር አገዛዝ» ያሉትም ብልኆች ናቸው፤ ዳሩ ግን ቃሉን ፖለቲካ ቀድሞ ወስዶታል።

እኔ የምመርጠው «ልብ ስለባ»ን ነው። ሰለበ በግእዝ ገፈፈ፣ ቀማ ማለት ሲሆን፣ ልብም በእኛ ዘንድ የፍቅር ብቻ ሳይሆን የማስተዋል ማደሪያ ስለሆነ «ልብ በል» እንላለን፤ ሥነ ልቡናም፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮማ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ ስም ያኖረው ልብ ወለድም ከዚሁ ግንድ ናቸው። የላስታ ገበሬ ስለ ሰላቢ ቢጠየቅ፣ ምርቱ በአውድማው ላይ እንደተከመረ በረከቱን የሚወስድ ነው ይላል፤ ልቡ የተሰለበ ሰውም እንዲሁ ቆሞ ይሄዳል። ደግሞም አንዱ ሥር ድርጊቱን ስለባ፣ አድራጊውን ሰላቢ፣ ተደራጊውን ሰለባ ብሎ ሦስቱንም ይሰጠናል፤ እንዲህ ያለ ለጋስ ቋንቋ ይዞ መበደር ያሳፍራል። ቃሉ አካል መቍረጥን ያሳስባል የሚለኝ ቢኖር፣ ጭካኔው ለነገሩ ይስማማዋል እላለሁ።

ሁሉም ክፋት ግን ልብ ስለባ አይደለም። በገድለ ላሊበላ ንጉሡ ሐርቤ ወንድሙ ላሊበላ ይነግሣል መባሉን ሰምቶ ሲቀና፣ እኅታቸውም ላሊበላን መርዝ ስታጠጣው፣ ሥልጣንና ትዕቢት እዚያ አሉ፤ ሆኖም መርዙ የገባው በአፍ እንጂ በልብ አልነበረም፤ ቅዱሱም ሦስት ቀን በድን ሆኖ ሲነሣ ማን መሆኑን አልረሳም። የአጭር ልብ ወለድ ሰላቢ ግን ጽዋ አያነሣም፤ ጥቂት ገጽ ብቻ ያለው ደራሲ ሥራውን በአንድ ጥያቄ፣ በአንድ ዝምታ ያሳያል፤ አንባቢውም ከሰለባው ዘግይቶ ይነቃል።

እንግዲህ ሐያስያንና የሥነ ጽሑፍ መምህራን ቃሉን በጽሑፋቸው ይፈትኑት፤ የተሻለ ያለውም ያምጣ፤ «ማኒፑሌሽን» ግን ይብቃ።