ባለ እጅ ፍለጋ፤ ከጋፋት እስከ ምጽዋ ወደብ

ዛሬ አንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሲያስፈልገው ማስታወቂያ ያወጣል። የሥራውን ዓይነት፥ የደመወዙን ልክ፥ የሚፈለገውንም የትምህርት ደረጃ ጽፎ በሰሌዳ ላይ ይለጥፋል፤ በጋዜጣም ያሳትማል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ማመልከቻ መቀበልና መፈተን ነው። ነገሩ ለእኛ እጅግ የተለመደ ከመሆኑ የተነሣ፥ ሰው ወደ ሥራ የሚመጣው በዚህ መንገድ ብቻ ይመስለናል። ዳሩ ግን ጋዜጣም ፖስታ ቤትም ባልነበረበት ዘመን፥ በባሕር ማዶ የሚኖር ባለ ሙያ አገሩንና ወገኑን ትቶ ወደ ኢትዮጵያ ደጋ እንዲመጣ ማድረግ ምን ያህል ብልሃት ይጠይቅ እንደ ነበረ ልናስብ ይገባናል።

በመካነ ሰላም፥ በማሻ፥ በጠቅላላውም በምዕራብ ወሎ ደጋ ያደገ አንባቢ የዚህን ነገር ፍጻሜ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማው የኖረ ነው። ከቦረናና ከሳይንት በስተ ሰሜን በሽሎ ገደሉን ሰንጥቆ ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ከበሽሎም በላይ የመቅደላ አምባ ይታያል። በአምባው ላይ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ እስከ ዛሬ ተቀምጦአል። መድፉ በስንት ጭንቅ እንደ ተጎተተ ሽማግሌዎች ለልጆች ይተርካሉ። መድፉን የሠሩት እጆች ከየት እንደ መጡና በምን እንደ ተሳቡ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። እኛም በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ለመመልከት አስበናል።

አፄ ቴዎድሮስ ገና ደጃዝማች ካሣ ሳሉ፥ በ1840 ዓ.ም. በደባርቂ ከግብፅ ጦር ጋር ገጥመው በመድፍ ኃይል ድል ሆነው ነበር። ጀግንነት ብቻውን መድፍን እንደማይመክት ያን ቀን በዓይናቸው አዩ። ስለዚህ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዘውድ ከጫኑ በኋላ ልባቸው ወደ ሁለት ነገር አዘነበለ፤ አንደኛው አገሩን አንድ ማድረግ፥ ሁለተኛው ብረት የሚያቀልጥ፥ መንገድ የሚጠርግ፥ ሠረገላ የሚሠራ ባለ እጅ ማግኘት። መሣሪያውን ገዝቶ ማስመጣት ብቻ አላረካቸውም፤ ሠሪው ራሱ መጥቶ ለኢትዮጵያውያን እንዲያስተምር ይፈልጉ ነበር። ይህ በዘመኑ ብዙ መሳፍንት ያላሰቡት አሳብ ነው።

ሰዎቹ የተገኙት ባልታሰበ በር በኩል ነው። ቀደም ሲል በኢትዮጵያ የቆዩት ሳሙኤል ጎባት በኢየሩሳሌም የፕሮቴስታንት ጳጳስ ሆነው ነበር። በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብም የቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የሚባል ነበረ፤ ይህም ወጣቶችን ከቅዱስ መጽሐፍ ጋር የእጅ ሥራ እያስተማረ ወደ ሩቅ አገር የሚልክ ነው። ከ1848 ዓ.ም. ጀምሮ ፍላድ፥ ቤንደር፥ ማየርና ኪንዝሌን የተባሉት ከዚያ መጡ፤ በ1851 ዓ.ም. ደግሞ ቫልድማየርና ዛልሙለር ተከተሉ። የመጡበት ዋና ምክንያት ወንጌልን ለመስበክ ሲሆን፥ ንጉሠ ነገሥቱ የፈለጉት ግን የእጃቸውን ሥራ ነበር። እንግዲህ ጠሪውና ተጠሪው በአንድ ቃል ተስማምተው ሁለት የተለያየ ነገር ያስቡ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለው ስምምነት በዛሬው የቅጥር ውል ውስጥም አይጠፋም እንል ነበር፤ ነገር ግን ከታሪካችን አንውጣ።

አፄ ቴዎድሮስ እነዚህን ሰዎች የያዙበት መንገድ በጣም የታሰበበት ነው። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት በሚባል ቦታ አሰፈሩአቸው፤ ቤትና መሬት ሰጡአቸው፤ በቅሎና የክብር ልብስ ሸለሙአቸው፤ ገንዘብም አልነፈጉአቸውም። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ወደ ጋፋት እየመጡ ሥራውን ቆመው መመልከታቸውና ሠራተኞቹን እንደ ልጆቻቸው ማነጋገራቸው ነው። በቤተ መንግሥት የሚኖር መኮንን ብረት ቀጥቃጭን በሚንቅበት ዘመን፥ ንጉሥ በወናፍ አጠገብ ቆሞ መዋሉ ከደመወዝ የሚበልጥ ደመወዝ ሳይሆን አልቀረም።

ጋብቻም ሌላው መሳቢያ ነበር። ሊቀ መኳስ ተብለው የተሾሙት እንግሊዛዊው ጆን ቤል ኢትዮጵያዊት አግብተው ልጆች ወልደው ነበር፤ ቫልድማየርና ዛልሙለር የቤልን ልጆች አገቡ። ከፖላንድ የመጡት መድፍ አቅላጩ ሞሪትዝ ሆል ደግሞ የጀርመናዊውን የሠዓሊ ዛንደርን ልጅ አገቡ፤ የእርስዋም እናት ኢትዮጵያዊት ነበረች። አማትና ምራት፥ ልጅና የልጅ ልጅ ሲበዛ፥ ጋፋት የእንግዶች ሰፈር መሆኑ ቀርቶ መንደር ሆነ። ሰውን በውል ከመያዝ በዝምድና መያዝ እንደሚጠብቅ ንጉሠ ነገሥቱ ዐውቀውት ነበር።

ይህ ሁሉ እስከዚህ ድረስ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ታላቁ ሥራ በመጣ ጊዜ ነገሩ መልኩን ለወጠ። አፄ ቴዎድሮስ መድፍና ቦምብ እንዲቀልጥላቸው አዘዙ። ሠራተኞቹ አናጢና አንጥረኛ እንጂ መድፍ አቅላጭ አለመሆናቸውን ተናገሩ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን ምክንያቱን አልተቀበሉትም፤ አገልጋዮቻቸውን በሰንሰለት አሰሩ። ጌቶቹም አገልጋዮቻቸውን ለማስፈታት ሲሉ እንሞክር አሉ። ደጋግመው ሞክረው በመጨረሻ ተሳካላቸው፤ ሽልማትም ጎረፈላቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን በጋፋት የሚሠራው ሰው በእጁ ያለው በረከት ነው ወይስ እስራት ብሎ መጠየቁ አልቀረም። እኛ እንደምንገምተው፥ ሽልማቱና ሰንሰለቱ ከአንድ እጅ መምጣታቸው ሁለቱንም ለመለየት አስቸጋሪ አድርጎታል።

የነገሩ መራራነት በይበልጥ የታየው ንጉሠ ነገሥቱ ሁለተኛ ጊዜ ሠራተኛ በፈለጉ ጊዜ ነው። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት የወዳጅነት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀረ። ከዚህም ንቀት የተነሣና በሌላም ምክንያት በ1856 ዓ.ም. ሚሲዮናዊው ስተርንና ቆንስሉ ካሜሮን ታሰሩ። በጥር 1858 ዓ.ም. ሆርሙዝድ ራሳም የንግሥቲቱን መልስ ይዘው ሲደርሱ በክብር ተቀበሉአቸው፤ እስረኞቹም የሚለቀቁ መሰለ። ወዲያው ግን አሳባቸውን ለውጠው ራሳምንም ጭምር ያዙ፤ በሚያዝያ ወር ፍላድን ወደ እንግሊዝ አገር ላኩ፤ የመልእክቱም ዋና ነገር ባለ እጆችና የሥራ መሣሪያ እንዲላክላቸው ነበር። የፍላድ ባለቤትና ልጆች በኢትዮጵያ ቀሩ። ሠራተኛ ሊመለምል የተላከው ሰው ራሱ ቤተሰቡን በመያዣነት ትቶ ሄደ ማለት ነው።

ፍላድ በነሐሴ 1858 ዓ.ም. በኦዝቦርን ቤተ መንግሥት ከንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ቀረቡ። እዚህ ላይ አንባቢ የሚደነቅበት ነገር አለ፤ የእንግሊዝ መንግሥት ልመናውን አልናቀውም። ሠራተኞች ተፈለጉ፥ ተስማሙ፥ መሣሪያም ተገዛላቸው፤ በ1859 ዓ.ም. መጀመሪያ ሠራተኞቹ ዕቃቸውን ይዘው ምጽዋ ደረሱ። ንጉሠ ነገሥቱ ለብዙ ዓመት ሲመኙት የነበረው ነገር ከደጋው ግርጌ በባሕሩ ዳር ተቀምጦ ነበር። ነገር ግን የእንግሊዝ መኮንኖች፥ እስረኞቹ ተለቀው ምጽዋ ካልደረሱ ሠራተኞቹ አይወጡም አሉ። ንጉሠ ነገሥቱም በበኩላቸው፥ ሠራተኞቹ ካልመጡ እስረኞቹን አልለቅም በሚለው አሳብ ጸኑ። ሰዎቹ በዚያ ሐሩር ለወራት ጠበቁ፤ በመጨረሻም ወደ አገራቸው ተመለሱ።

በዚህ ነገር ማን ጥፋተኛ ነው? ደብዳቤን ሳይመልሱ መተው የእንግሊዝ ጥፋት መሆኑ አያጠራጥርም፤ ከሁሉ አስቀድሞ የተቀደደውም ይህ ነው። ሆኖም በምጽዋ የተቀመጠውን አንድ አንጥረኛ በዓይነ ልቡናችን እንይ። ደመወዙን ዐውቆአል፥ መሣሪያው በአጠገቡ ነው፥ ንጉሡም ለባለ እጅ ክብር እንደሚሰጡ ሰምቶአል። የማያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከወጣ በኋላ መውረድ መቻሉን። ቴዎድሮስ የሰጡት መሬት፥ ሽልማት፥ ጋብቻ፥ ፍቅርም ጭምር ለዚህ ጥያቄ መልስ አልሆነም።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የታወቀ ስለ ሆነ በአጭሩ እናልፈዋለን። በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ከነመድፎቻቸውና ከነባለ እጆቻቸው ወደ መቅደላ ተነሡ። የጋፋት ሰዎች ሠረገላውን አበጁ፤ ወታደሩ ጎተተ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ ጠረጉ። ዋድላንና ደላንታን አልፈው፥ የበሽሎን ገደል ወርደው ወጥተው በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሱ። የጄኔራል ናፒየር ጦርም ተከታትሎ ደረሰ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ እጅ መስጠትን እንቢ ብለው ራሳቸውን ገደሉ።

የጋፋት ባለ እጆች ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገሩን ለቀቁ። ቫልድማየር ወደ ሊባኖስ ሄደው በኋላ ዘመን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋሙ። ሞሪትዝ ሆል በያፋ ተቀመጡ፤ በዚያው ዓመት የተወለደችው ልጃቸው ማግዳሌና ትባላለች፤ ስመ ጥሩው የፊልም ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ የልጅዋ ልጅ ነው። በጋፋት አብረዋቸው የሠሩት ኢትዮጵያውያን ግን ወናፋቸውም ደቀ መዝሙርነታቸውም ተበተነ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝን ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አንችልም። ብረት የሚያቀልጥ ሰው ከባሕር ማዶ በሚፈለግበት በዚያ ዘመን፥ በየመንደሩ ማረሻና ጦር የሚሠራው የአገራችን አንጥረኛ ቡዳ እየተባለ ይሸሽ፥ ልጁም ለጋብቻ አይፈለግም ነበር። ባለ እጅን ከሩቅ መሳብ የሚቻለው በቅርብ ያለውን ሳያባርሩ ነው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

ይህን የተረዱት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነገሩ። ከባሕር ማዶም ሲያስመጡ ሌላ መንገድ ያዙ። በኤደን በሚነግድ የስዊስ ንግድ ቤት በኩል የእጅ ዐዋቂ ፈልገው በ1871 ዓ.ም. መሐንዲሱን አልፍሬድ ኢልግን አንኮበር ላይ ተቀበሉ። ኢልግ ድልድይ ሠሩ፥ ውሃ በቧንቧ አስገቡ፥ በ1886 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ፈቃድ ተቀበሉ፥ የመንግሥት አማካሪም ሆኑ። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ወደ አውሮፓ በየጊዜው እየሄዱ ይመለሱ ነበር። ማንም በሰንሰለት ሳይዛቸው ከ25 ዓመት በላይ አገለገሉ።

ከመቅደላ የወጣ አንድ ሌላ ሰው ግን ቀርቶናል። አምባው በተያዘ ጊዜ አንድ ሕፃን ከወላጆቹ ተለይቶ ተገኘ፤ የእንግሊዝ መኮንኖች ወስደው በህንድ አሳደጉት፥ ሐኪምም ሆነ። ይህ ልጅ በኋላ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የተባሉት ናቸው። ከአድዋ ድል በኋላ ወደ አገራቸው መጥተው ዘመዶቻቸውን አገኙ፤ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም በኃላፊነት መሩ። በ1920 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ ግድብ ነገር ወደ አሜሪካ በተላኩ ጊዜ፥ በኒውዮርክ ሃርለም ወደሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ሄደው፥ ሙያ ያላቸው ሁሉ ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ ጋበዙ። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት ከጥቁር አሜሪካውያንና ከካሪብያን ሰዎች መካከል ጥቂቶች መጡ፤ ከእነርሱም አንዷ ሚኞን ፎርድ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት ከፍተው እስከ ዕድሜአቸው ፍጻሜ ድረስ በዚያው ቀሩ።