ስኳር ከቡናችን ጋር የተዋወቀው መቼ ነው?



እዚህ ፌርፋክስ እሁድ እሁድ ተሰብስበን ቡና ከምንጠጣው እህቶች አንዷ ዘንድሮ በብርዱ ወራት ድንገት መምጣት አቆመች። ስንደውልላት «ሥራ በዛብኝ» ትላለች። በሦስተኛው ሳምንት ቤቷ ሄድን። የቀረችው በሥራ ምክንያት አልነበረም። ሐኪም ዘንድ ሄዳ ደሟ ሲመረመር ኤዋንሲ የሚሉት የስኳር ልኬት 6.3 ሆኖ ተገኝቷል። ከ5.7 እስከ 6.4 ያለው የስኳር በሽታ ደጃፍ ላይ መቆም ነው፤ ገና አልገባሽም፣ ግን ካልተመለስሽ ልትገቢ ትችያለሽ። «ቡና ከለከሉኝ፤ እናንተ ስትጠጡ እያየሁ ከምጎመጅ ብቀር ይሻላል ብዬ ነው» አለችን።

የሰጧትን ወረቀት ተቀብዬ አነበብኩት። ቡና የሚል ቃል የለበትም። የተከለከለችው ስኳር ነው። እሷ ግን ቡናና ስኳር ተለያይተው አይታ ስለማታውቅ አንዱ ሲከለከል ሌላውም የተከለከለ መሰላት። በአንድ ሲኒ ሦስት የሻይ ማንኪያ ነበር የምታደርገው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲደመር ዘጠኝ ማንኪያ! ቤቷ ከዋለች ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሌላ ጀበና አለ።

እህቴ፣ አንቺም «ቡና ያለ ስኳር ምን ቡና ነው? ባህላችንስ?» ብለሽ ከሆነ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የቡና ዛፍ አገሩ የኛው ደቡብ ምዕራብ ደን ነው። መጠጡ በጽሑፍ ጎልቶ የሚታየው ግን በ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ፣ ከባሕር ማዶ የመን ውስጥ ነው። አብዱልቃዲር አል-ጀዚሪ የተባለ ጸሐፊ በ1558 ገደማ ስለ ቡና አንድ ኪታብ ጽፏል። እሱ እንደሚያወራው አድ-ዘብሓኒ የሚባሉ የዓደን ዓሊም ወደኛው የአፍሪካ ጠረፍ ተሻግረው ሰዎች «ቀህዋ» ሲጠጡ አዩ፤ አገራቸው ሲመለሱም ታመው ቀመሱት፣ ድካምንና እንቅልፍን ሲያባርርላቸው ጊዜ ወደዱት። የየመን ሱፍዮች ደግሞ የሰኞና የጁምዓ ሌሊት ለዚክር ሲቀመጡ ቡናውን በትልቅ የቀይ ሸክላ ዕቃ አቅርበው፣ መሪያቸው በትንሽ መቅጃ እየቀዳ በቀኝ በኩል ያዞርላቸው ነበር። ሸክላው፣ በየተራ መቅዳቱ፣ ሌሊቱ... የራስሽን ቤት ያየሽ አልመሰለሽም? ስኳር ግን እዚያ የለም። ቡናውን የፈለጉት ለመንቃት እንጂ ለጣፋጭነቱ አልነበረም።

በ1511 የመካው ሹም ኻኢር በይ ቡናን አስከልክሎ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ካይሮ ያለው መንግሥት ክልከላውን አነሳው። እኛ አገር ደግሞ ክርስቲያኑ ቡናን የእስላም መጠጥ ነው ብሎ ለረጅም ዘመን ርቆት ኖሯል። ይህ የተለወጠው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ በአጼ ምኒልክ ጊዜ ገደማ ነው። ዛሬ የመላው ኢትዮጵያ የሆነው ቡና እንግዲህ ብዙ ዘመን በሙስሊም እናቶች ጀበና ሲፈላ የኖረ ነው። ሦስተኛውን ሲኒ ዛሬም ሁሉም «በረካ» ይለዋል፤ ቃሉ የማን እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም።

እነዚያ እናቶች ታዲያ ምን ይጨምሩበት ነበር? በወሎ ጨው፣ በብዙ ገጠር ቅቤ፣ አንዳንዱ ጋ ጤና አዳም። ሐረር ከሄድሽ ከቡናው ገለባና ከወተት ሆጃ ይፈላል፤ ከቡናው ቅጠል ደግሞ ቁጢ። ጣፋጭ የተፈለገ ቀን ማር አለ፤ ጠላና ጠጅ የማይጠጣው ሙስሊም ቤት በዒድ ቀን ብርዝ ይቀርባል። ማር ግን ውድ ነው፣ በየሲኒው አይጨመርም። የእኔም አያት እስከ መጨረሻ ዘመናቸው ቡና በጨው እንጂ በስኳር አይጠጡም ነበር፤ እኛ ልጆቹ ስኳር ስንጨምር አይተው «ለመድኃኒት ነው?» ይሉን ነበር። (ጨውን ግን አልመክርሽም እህቴ፤ ከስኳር ሸሽቶ ወደ ደም ግፊት ነው።)

ስኳር ራሱ በእስልምናው ዓለም አዲስ ነገር አልነበረም፤ ስሙም ከዐረብኛው «ሱከር» የመጣ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ከውጭ የሚገባ፣ የሀብታምና የከተማ ሰው ነገር ነበር። በየቤቱ የገባው ወንጂ ሲቋቋም ነው። ነገሩ የሚጀምረው ደግሞ ከሩቅ አገር፣ ከኢንዶኔዥያ ነው። ኤች.ቪ.ኤ. የተባለ የሆላንድ ኩባንያ በጃቫ ደሴት ሰፋፊ የሸንኮራ እርሻዎች ነበሩት። ኢንዶኔዥያ ነፃ ስትወጣ ኩባንያው ሌላ መሬት መፈለግ ጀመረና አዋሽ ዳር አገኘ። በ1951 ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተዋዋለ፣ በ1954 የወንጂ ፋብሪካ ስኳር ማምረት ጀመረ፣ በ1962 ሁለተኛው ተጨመረ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ መተሐራ ተከተለ።

መተሐራ ላይ ትንሽ ልቁም። ያ መሬት የከረዩዎች ግጦሽ ነበር። ከረዩዎች ሙስሊም አርብቶ አደሮች ናቸው፤ ምግባቸውም መጠጣቸውም ወተት። ለሸንኮራው ሲባል የአዋሽን ዳር አጡ፣ ከብቶቻቸውም በድርቅ ጊዜ የሚጠጉበትን ውኃና ሣር አጡ። ሲኒያችን ውስጥ የገባው ነጭ ዱቄት የአንዳንዶችን ወተት እንዳስቀረ ሳስብ፣ እውነቴን ነው፣ ማንኪያው እጄ ላይ ይከብደኛል።

ቀጥሎ ደርግ መጣ። ስኳር በቀበሌ ሱቅ፣ በራሽን ሆነ። እናቶቻችን የወሩን ስኳር ቆልፈው ያስቀምጡት እንደነበር ታስታውሻለሽ። ለእንግዳ ሲቀርብ ግን ሲኒው እስኪያቅር ይጨመርለታል። እንደ እኔ ግምት ያ ከባድ እጃችን የመጣው ከዚያ ነው። ስኳር ማብዛት ማክበር ሆነ። ዛሬ ፌርፋክስ ውስጥ ስኳር ከውኃ በረከሰበት አገር ተቀምጠን ያንኑ የእጥረት ዘመን አክብሮት እናሳያለን።

እንግዲህ ቁጠሪ። ቡናችን ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ኖሯል፤ ስኳሩ በተራው ሰው ቤት የሰባ ዓመት እንግዳ ነው።

በዐረብ አገር በኩል አልፈሽ የመጣሽ ወይም አሁንም እዚያ ያለሽ እህት ሌላም ነገር ለምደሻል፤ ለኢፍጣር ቪምቶ። ብዙዎቻችን የረመዳን መጠጥ ይመስለናል። ቪምቶ የተፈጠረው ግን እንግሊዝ አገር፣ ማንቸስተር ውስጥ በ1908 ነው፤ ያኔ የሚሸጠውም ጉልበት ይሰጣል እየተባለ ነበር። ይልቅ ከዚያ አገር ይዘሽ መምጣት የነበረብሽ ቀህዋቸውን ነው፦ ያለ ስኳር፣ ሄል የገባበት፣ ከጎኑ ቴምር። ቴምርም ስኳር አለው፤ ነገር ግን አንዷን ፍሬ አላምጠሽ በመራራ ቡና ስታወርጂያት ሌላ ማንኪያ አያምርሽም። አንዷን ነው ያልኩት፣ ሳህኑን አይደለም!

የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን የሚጨመር ስኳር ከ25 ግራም፣ ማለትም ከስድስት የሻይ ማንኪያ ገደማ፣ ባይበልጥ ጥሩ ነው ብሎ ነው። የእህታችን ዘጠኝ ማንኪያ ገና በቡና ብቻ ነው። አንድ ቆርቆሮ ኮካ ኮላ 39 ግራም አለው፤ ልጅሽ ትምህርት ቤት ይዞት የሚሄደውን ጁስ ደግሞ ራስሽ ተመልከቺ። አሜሪካ ላለሽው ሥራው ቀሏል። ከ2020 ጀምሮ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች፣ ከዓመት በኋላ ደግሞ ትንንሾቹ፣ በጀርባው ሰንጠረዥ ላይ «አዲድ ሹገርስ» የሚል መስመር እንዲጽፉ ተገደዋል። በግራም የተጻፈውን ለአራት አካፍይው፤ የሚወጣው የማንኪያው ቁጥር ነው። እንግሊዝኛ የማታነብ እናት ካለችሽ መስመሩን በእስክሪብቶ አክብቢላት፤ እኔ እንደዚያ ነው ያደረግኩት።

እንጀራውም ያው ታሪክ አለው፣ በአጭሩ ልንገርሽ። ቀደም ብለው አሜሪካ የገቡት እናቶች ጤፍ ሲያጡ ራሱ የሚነሳውን የስንዴ ዱቄት በጋዝ ውኃ አቡክተው ይጋግሩ ነበር። በ1980ዎቹ ዌይን ካርልሰን የተባለ፣ ኢትዮጵያ ኖሮ የተመለሰ አሜሪካዊ አይዳሆ ውስጥ ጤፍ ማብቀል ጀመረ። ጤፉ ተገኘ፣ ለስላሳውና ነጩ እንጀራ ግን ዓይናችንን ለምዶት ቀረ። በሊስበርግ ፓይክ ካሉት ሱቆች እንጀራ ስትገዢ ፌስታሉን ገልብጪው፤ በብዛት የገባው እህል መጀመሪያ ይጻፋል። ስንዴ ከጤፍ ቀድሞ ከተጻፈ እጅሽ ላይ ያለው የስንዴ እንጀራ ነው። ንጹሕ ጤፍም ቢሆን ሦስት እንጀራ የደም ስኳርን ከፍ ማድረጉ አይቀርም፤ ወጡን አብዢ፣ እንጀራውን ቀንሺ።

ወደ እህታችን ልመለስ። በአንድ ቀን አቁሚ አላልናትም። በየሁለት ሳምንቱ ከየሲኒው ግማሽ ማንኪያ ቀነሰች። ቡናውን አጥቁረን መቁላት ተውን፤ ሲያር ምሬቱ ስኳር ይጠራል። ጀበናው ውስጥ ሁለት ፍሬ ሄል፣ አንዳንዴ ዝንጅብል እንጨምራለን። ፈንዲሻው ላይ የምንነሰንሰውን ስኳርም አስቀርተናል፤ ልጆቹ ለሁለት እሁድ አኩርፈው ረሱት። ረመዳን ሲቃረብ ደግሞ ሐኪሟን ስለ ጾሙ አስቀድማ እንድትጠይቅ ነግረናታል፤ መድኃኒት የምትወስጂ እህት ካለሽ አንቺም ይህን አትዝለይ።

አሁን አንድ ማንኪያ ላይ ደርሳለች፤ በረካውን ግን ያለ ምንም ነው የምትጠጣው። የስኳሩ ዕቃ አሁንም ረከቦቱ ላይ አለ፣ ለእንግዳ። ድጋሚ የምትመረመረው በሚቀጥለው ወር ነው፤ በዱዓችሁ አትርሷት።